ከስንት አንዴ የሚያጋጥሙ መዘዞች፦ ስለ ጽኑ ሄሞፊሊያና ስለ ሕፃናት የቀረበ ዳሰሳ

የሕክምና መጻሕፍት ስለ ጽኑ ሄሞፊሊያ በሚናገሩበት ምዕራፍ የጉልበቱን እብጠት፣ የክርንና የቁርጭምጭሚቱን መድማት፣ የቆዳውን መበለዝ በሰፊው ከተነተኑ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው «ከስንት አንዴ የሚያጋጥሙ መዘዞች» የሚል አጭር ክፍል ያስቀምጣሉ፤ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስሰው ደም፣ ከጉሮሮ በስተኋላ ተጠራቅሞ ትንፋሽ የሚዘጋው ደም፣ በወገብ ጡንቻ ውስጥ ተቋጥሮ ትርፍ አንጀት የሚመስለው ሕመም፣ አጥንትን እየበላ የሚያድገው የደም እጢ፣ መድኃኒቱንም ራሱን የሚያመክነው የሰውነት ተቃውሞ በዚያ ክፍል በጥቂት መስመሮች ይታለፋሉ። አከፋፈሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቍጥሩ የተወሰደው በሽታው ሕፃኑ ጥርስ ሳያበቅል ከሚታወቅባቸው፣ መድኃኒቱም በየቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ከሚጠብቅባቸው አገሮች ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ መካከል፣ ከመሿለኪያና ከላንቻ ጀምሮ እስከ ካዛንቺስ በተዘረጋው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለሚወለድ ወንድ ልጅ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ የሰፈረው መዘዝ ብዙ ጊዜ በሽታው መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስታውቀው ምልክት ሆኖ ይመጣልና። የዚህ ዳሰሳ አሳብ እነዚህ መዘዞች እንዲበረቱ የሚያደርጋቸው ከበሽታው ጠባይ ይልቅ የጊዜ መዘግየት መሆኑን፣ መዘግየቱም በየትኛው በር እንደሚገባ ማሳየት ነው።

ሄሞፊሊያ ፋክተር ከሚባሉት፣ ደምን ከሚያረጉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲጐድል የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ደዌ ነው። የጐደለው ፋክተር ስምንት ሲሆን ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር ዘጠኝ ሲሆን ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል፤ የመጀመሪያው ከ5,000 ወንዶች ሕፃናት በአንዱ፣ ሁለተኛው ከ30,000 በአንዱ ላይ ገደማ ይገኛል፤ ይህም በነገድና በአገር አይለይም። የፋክተሩ መጠን ጤነኛ ሰው ካለው ከ100 እጅ ከአንድ እጅ በታች ሲወርድ ሕመሙ ጽኑ ይባላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሳይመታና ሳይወድቅ፣ በሰላም ተኝቶ ባደረበት ሌሊት እንኳ ሊደማ ይችላል። በአገራችን በየዓመቱ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናት ይወለዳሉና፣ እኩሌታውን ወንዶች ብለን ስናሰላ፣ በየዓመቱ ከ300 የማያንሱ ልጆች ሄሞፊሊያ ኤን ይዘው ወደዚህ ዓለም ይመጣሉ ማለት ነው፤ ከእነርሱም ከሲሶው የማያንሱት ጽኑው ዐይነት ያለባቸው ናቸው። ከሕመምተኞቹ ሲሶ ያህሉ ደግሞ በቤተ ሰባቸው ውስጥ አስቀድሞ ምንም ያልታየባቸው፣ በዘር ላይ በተነሣ አዲስ ለውጥ የመጡ ስለ ሆኑ፣ «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ በሽታ የለም» የሚለው የአያቶች ምስክርነት፣ ምንም ከቅን ልብ ቢወጣ፣ ሐኪሙን ከመመርመር ሊያሰናብተው አይገባም።

የመጀመሪያው አደጋ የሚገኘው በልደቱ ዕለት ነው። ምጥ ሲበረታ የሕፃኑን ራስ ስቦ የሚያወጣው ቫኪዩም የተባለው መሣሪያ ለጤነኛ ሕፃን ከጥቂት ቀን እብጠት በቀር ብዙ ጉዳት ባያመጣም፣ ፋክተር በጐደለው ሕፃን ላይ ግን በራስ ቆዳና በአጥንት መካከል ሰፊ የደም መጠራቀሚያ ሊከፍት ይችላል፤ በዚያ ቦታ የሚፈስሰውን ደም የሚያግደው ነገር ስለሌለ ሕፃኑ በውጭ አንድ ጠብታ ሳይታይበት የሰውነቱን ደም አብዛኛውን ክፍል በገዛ ራሱ ቆዳ ሥር ሊያጣ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስሰው ነው፤ ሕክምናው በተስፋፋባቸው አገሮች እንኳ ሄሞፊሊያ ካለባቸው አራስ ሕፃናት ከ100 ሦስቱ ወይም አራቱ ይህ እንደሚደርስባቸው ተመዝግቧል። ምልክቱም ሁልጊዜ ግልጥ አይደለም፤ ጡት የሚጠባው ሕፃን መጥባት ይተዋል፣ ይገረጣል፣ ያለ ልክ ይተኛል፣ እርግብግቢቱ ይነፋል፣ አንዳንዱም ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ በአራስነት ከሚመጣው የደም መመረዝ ጋር ስለሚመሳሰል ሕፃኑ የተሕዋስያን መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት ቀኑ ሊያልፍ ይችላል፤ ወይም ደግሞ የቫይታሚን ኬ እጥረት ነው ተብሎ መርፌው ይወጋና፣ መርፌው ተገቢ ቢሆንም፣ ደሙ ለምን እንዳልቆመ ሳይጠየቅ ይቀራል። የምርመራው መንገድ ግን ረጅም አይደለም፤ ከሁለቱ የተለመዱ የደም መርጋት ምርመራዎች አንደኛው ጤነኛ፣ ሁለተኛው የዘገየ ሆኖ ከተገኘ፣ የተጠረጠረው ሄሞፊሊያ ነውና የፋክተሩ መጠን ይለካል። ወንድሟ ወይም አጎቷ ደም ሲፈስሰው የኖረ እናት ስትወልድም በቫኪዩምና ራስን ጨብጦ በሚስበው መሣሪያ እንዳትረዳ፣ ይህ ጥንቃቄ በእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ በግልጥ እንዲጻፍ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ስምንተኛው ቀን ይመጣል። በእኛ አገር ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን መግረዝ ከኦሪት የተወረሰ፣ ቤተ ክርስቲያንም ጥር 6 ቀን የጌታን ግዝረት ስታከብር በየዓመቱ የምታስታውሰው ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን የሚያክል የከበረ ነገር በጥንቃቄ እንጂ በመንቀፍ መነገር የለበትም። እንዲያውም ስለዚህ ደዌ በጽሑፍ ከተገኙት ምስክርነቶች እጅግ የቀደመው ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበሩት የአይሁድ መምህራን ሁለት ወንዶች ልጆቿ ከግዝረት በኋላ የሞቱባት ሴት ሦስተኛውን እንዳታስገርዝ ፈርደዋል፤ ሕግን እጅግ አጥብቀው ይጠብቁ የነበሩት እነዚያ ሊቃውንት የሕፃኑን ነፍስ ከሥርዓቱ አስበልጠዋል። ከእነርሱ ብዙ ዘመን በኋላ በእንደሉስ የነበረው ሐኪም አቡል ቃሲም አል ዘህራዊ በአንድ መንደር ወንዶቹ ከትንሽ ቍስል የተነሣ ደማቸው ፈስሶ እንደሚሞቱ ጽፏል። በአገራችንም ዐፄ ገላውዴዎስ በእ.ኤ.አ. 1555 ገደማ ስለ ሃይማኖታቸው በጻፉት የእምነት መግለጫ፣ ኢትዮጵያውያን የሚገረዙት ድኅነትን ከግዝረት ጠብቀው ሳይሆን እንደ አገር ልማድ መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ካህኑ ወይም የንስሓ አባቱ፣ ወንድሙ በደም መፍሰስ የሞተበትን ሕፃን «ይቈይ፣ አስቀድሞ ይመርመር» ቢሉ ከአባቶች ትምህርት አንዳች የሚያፈርሱት ነገር የለም፤ እኔ እንደሚመስለኝ ይህች አንዲት የካህን ቃል ከብዙ የሐኪም ማስታወቂያ ይልቅ ነፍስ ታድናለች።

በግዝረት የሚመጣው መድማት አንዳንዴ በዕለቱ፣ አንዳንዴም ቍስሉ የደረቀ መስሎ ከታየ በኋላ በማግሥቱ ይጀምርና፣ ጨርቁ እየተለወጠ፣ ቡናና ሌላም የቤት መድኃኒት እየተነሰነሰበት፣ ሕፃኑ እስኪነጣ ድረስ ይቀጥላል። ነገር ግን ጽኑ ሄሞፊሊያ ያለበት ሕፃን ሁሉ በግዝረት አይደማም፤ ስለዚህ «ሲገረዝ ምንም አልሆነም» የሚለው መልስ በኋላ ለሚመጣው ጥርጣሬ ማስተባበያ ሊሆን አይችልም። በአንጻሩ የእትብት መድማት ከሌሎች ብርቅ የደም ጕድለቶች ጋር ይበልጥ የሚገናኝ ስለ ሆነ፣ እርሱን ያየ ሐኪም ከሄሞፊሊያ ወዲያም መፈለግ ይኖርበታል። እንጥል ማስቈረጥና የወተት ጥርስን ግግ ብሎ ማስወጣት ግን ከሃይማኖት ጋር የሚያገናኛቸው አንዳች ማሰሪያ የለም፤ ለጤነኛውም ሕፃን ጥቅም የላቸውም፤ ለዚህኛው ሕፃን ደግሞ የሞት ምክንያት ናቸውና ጨርሰው ሊቀሩ ይገባል። ክትባት ከእነዚህ ጋር አይቈጠርም፤ በቀጭን መርፌ፣ ከተቻለ ከቆዳ ሥር፣ ከዚያም በኋላ ቦታውን ለብዙ ደቂቃ ሳያሹ በመጫን ሊሰጥ ይችላልና ደሙን በመፍራት ልጁን ያለ ክትባት ማስቀረት ሌላ ጥፋት ይሆናል።

ልጁ መዳኽና ቆሞ መሄድ ሲጀምር በሽታው በአካሉ ላይ ይጻፋል። ግንባሩ ላይ እብጠት፣ ደረቱ ላይ ሲያነሡት የጣቶች ብልዝ፣ ጭኑ ላይ ክትባት የተወጋበት ጠጣር ነገር ይታያል፤ በግቢው ውስጥ አብረው የሚኖሩት ጎረቤቶች እናቲቱን በጐሪጥ ማየት ይጀምራሉ፤ ጤና ጣቢያ ስትወስደውም «ማን መታው?» ተብላ ትጠየቃለች። ይህ የእናቶች መከራ በሕክምና መጻሕፍት በመዘዝነት አልተቈጠረም፤ ሊቈጠር ግን ይገባዋል፤ ምክንያቱም የተከሰሰች እናት በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን ይዛ ከመውጣት ታመነታለችና። የሦስት ዓመቱን ሰማዕት ቅዱስ ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን በምታስብ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ፣ ሐምሌ 19 ቀን ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ከሚመጡት መካከል ዘሩን ይዘሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ እየተባሉ በባላቸው ወገን የሚነቀፉ ይኖራሉ፤ ለእነርሱ ይህን በሽታ ሊከለክሉት ይችሉ የነበረ ሥራ እንደሌለ፣ ከተሸካሚ እናት ከሚወለዱት ወንዶች ለእያንዳንዱ ዕጣው እኩል በእኩል እንደ ሆነ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያም ይህንኑ ለልጇ ለልዑል ሊዮፖልድ እንዳወረሰች መንገር የሐኪሙ ሥራ ክፍል ነው።

ከዚያው ከንግሥት ቪክቶሪያ ቤት የወጡ ሁለት ሕፃናት የራስ ቅል መድማት ምን እንደ ሆነ በታሪክ ይመሰክራሉ። የልጅ ልጇ የሄሰኑ ፍሪድሪሽ በእ.ኤ.አ. 1873 ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከመስኮት ወድቆ በዚያው ዕለት በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ፤ ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ጆሮው ተቈርጦ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር። የፕሩስያው ልዑል ሃይንሪሽም በእ.ኤ.አ. 1904 በአራት ዓመቱ ወድቆ ራሱን በመመታቱ ሞተ። ሁለቱም በዘመኑ ከሁሉ የበለጡ ሐኪሞች ነበሯቸው፤ ያልነበራቸው ፋክተሩ ብቻ ነው። ዛሬ በዓለም የሄሞፊሊያ ሐኪሞች ዘንድ የጸናው ትእዛዝ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጽኑ ሄሞፊሊያ ያለበት ሕፃን ራሱን ከተመታ፣ ወይም ሳይመታ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ያለ ልክ ከተኛ፣ ካነከሰ፣ ራሱን ከያዘ፣ መጀመሪያ ፋክተሩ ይሰጠዋል፤ የሲቲ ስካን ምስሉ ከዚያ በኋላ ይነሣል። በእኛ ከተማ ግን ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ ካርድ ይወጣል፣ ምስሉ ይታዘዛል፣ ለምስሉ ይከፈላል፣ የምስሉ ውጤት ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ፋክተር የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ደሙ አልቆመም። በጭንቅላት መድማት የሚድነውና የማይድነው ልጅ፣ ከዳነም የሚያይና የሚሄድ ሆኖ የሚተርፈውና የማይተርፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በእነዚህ ሰዓታት ነው።

የአፍ ቍስልም በቀላል አይታይም። ሕፃኑ ሲወድቅ የላይኛውን ከንፈር ከድዱ ጋር የምታያይዘው ቀጭን ሥጋ ትሰነጠቃለች፤ ደሙ በምራቅ እየቀጠነ ይፈስሳል፣ ሌሊት እየዋጠው ያድራል፣ ጠዋት ጥቁር ያስታውካል ወይም ሰገራው ይጠቁራል፤ በውጭ የታየው ጥቂት ስለ ነበር ቤተ ሰቡ የጠፋውን መጠን አይገምትም። በዚህ ጊዜ ከፋክተሩ ጋር የረጋውን ደም እንዳይሟሟ የሚጠብቀው ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት እጅግ ይረዳል። ከምላስ ሥር ወይም ከጉሮሮ በስተኋላ የሚቋጠረው ደም ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጉሮሮ ሕመም ይመስላል፣ ልጁ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ አንገቱን ያቀናል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ከዚያም ትንፋሹ ይጠብባል። ይህን ያየ ሰው ልጁን ለማየት ብሎ በጉሮሮው ማንኪያ ሊያስገባ አይገባም።

በወገብ ውስጥ ከአከርካሪው ተነሥቶ እስከ ጭን የሚወርደው ትልቅ ጡንቻ ሲደማ የሚታየውን አቀማመጥ ማንም ሰው አንድ ጊዜ ካየው አይረሳውም፤ ልጁ በጀርባው ተኝቶ አንድ እግሩን ከብሽሽቱ አጥፎ ይይዛል፣ እንዲዘረጋ ሲጠየቅ ይጮኻል። የሩስያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ በእ.ኤ.አ. 1912 ስፓላ በተባለው ስፍራ የደረሰበት መከራ ከዚሁ ወገን ነበር፤ ደሙ በጭኑና በብሽሽቱ ተጠራቅሞ እግሩን አጥፎ ለብዙ ቀን ሲጮኽ፣ ቤተ መንግሥቱ የሞቱን ወሬ ለመንገር ተሰናድቶ ነበር። የአሌክሲ ሕመም ሄሞፊሊያ ቢ መሆኑ ከዐፅሙ በተወሰደ ምርመራ የተረጋገጠው በእ.ኤ.አ. 2009 ነው። ይህ መድማት በሕፃናት ከታላላቆቹ ልጆች ይልቅ ጥቂት ቢሆንም፣ በቀኝ በኩል ሲመጣ ትርፍ አንጀት ይመስላል፤ ያለ ፋክተር ቢላዋ ያረፈበት ልጅ ከሕመሙ ይልቅ ከሕክምናው የሚሞትበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የአንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚቋጠረው ደምና በሰረሰር ውስጥ የሚፈስሰው ከዚህም ያነሱ ናቸው፤ የመጀመሪያው የአንጀት መታጠፍን ይመስላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ልጁ ያለ ምክንያት አልቆምም፣ አልሄድም በማለቱ ይታወቃል።

በክንድና በባት ውስጥ ያለው መድማት በተለይ በእኛ ዘንድ የሚከፋበት ምክንያት አለ። እግሩ ያበጠ ልጅ ወልቆበታል ተብሎ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል፤ ወጌሻውም በሙያው የታወቀ፣ አጥንት በመጠገን ብዙ ሰው ያዳነ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማሸቱ ሊረጋ የጀመረውን ደም ይበትነዋል፣ በቀርከሃና በጨርቅ ማሰሩም በጡንቻው ውስጥ ያለውን ግፊት ያበረታዋል፤ ግፊቱም ነርቭንና የደም ሥርን አንቆ ጣቶቹን ያደነዝዛል፣ ጡንቻውን ይገድላል፣ እጁንም እንደ ወፍ ጥፍር ቈልምሞ ያስቀረዋል። በቂርቆስና በካዛንቺስ ያሉ ወጌሾች ጠላት ተደርገው ሊቈጠሩ አይገባም፤ «ሕፃን ነው፣ ወንድ ነው፣ ሳይወድቅ አብጧል፣ ገላው ይበልዛል» የሚሉትን አራት ነገሮች ሲሰሙ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ሆስፒታል እንዲሰድዱ ቢማሩ፣ የሚያዩትን ያህል የመጀመሪያ ሕመምተኛ የሚያይ ሐኪም የለምና፣ ከሁሉ የሚሻሉ ረዳቶች ይሆናሉ። ሳይታከም የቀረው የጡንቻና የአጥንት መድማት ደግሞ በዘመን ብዛት በቅርፊት ተከብቦ፣ አጥንቱን እየገዘገዘ የሚያድግ እጢ ይሆናል፤ በዐዋቂዎች ብዙውን ጊዜ በዳሌና በጭን፣ በሕፃናት ግን በእጅና በእግር ጫፍ አጥንቶች ይታያል፤ የልጆቹ በፋክተርና በዕረፍት ሊመለስ የሚችል ስለ ሆነ፣ ካንሰር መስሎት ናሙና ለመውሰድ መርፌ የሚሰድድ ሐኪም የሚድነውን ወደማይድን ይለውጠዋል።

መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላም የሚጠብቅ መዘዝ አለ። የሕፃኑ ሰውነት ፋክተር ስምንትን ከቶ ስለማያውቀው እንደ ባዕድ ቈጥሮ የሚያመክነው ነገር ሊያበጅ ይችላል፤ ይህም ኢንሂቢተር ይባላል፤ ጽኑ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ከ100 ልጆች ከ25 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ፣ አብዛኛውንም ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 20 እስከ 50 መድኃኒት የተሰጠባቸው ቀኖች ውስጥ ይነሣል። በሄሞፊሊያ ቢ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሲመጣ ፋክተር ዘጠኙ ራሱ ትንፋሽን የሚያሳጣ ድንገተኛ አለርጂ ሊያስነሣ፣ ከዚያም ኩላሊቱን ሊጐዳ ይችላልና፣ የመጀመሪያዎቹን አሥርና ሃያ መርፌዎች በሆስፒታል ውስጥ እንጂ በቤት መስጠት አይገባም። ትናንት ደሙን ያቆመው መጠን ዛሬ ካላቆመው፣ «መድኃኒቱ አርጅቷል» ከማለት በፊት ኢንሂቢተር መመርመር አለበት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ መጠን እንምጣ፤ ነገሩ የሚገለጠው በቍጥሩ ነውና። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ራሱን ተመቶ ፋክተር ስምንቱን ወደ 100 እጅ ለማድረስ 500 ዩኒት ያስፈልገዋል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ዩኒት ሁለት እጅ ያህል ያነሣልና። ይህን ፕላዝማ በተባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ልስጥ ያለ ሐኪም ግማሽ ሊትር ሊያፈስስበት ነው፤ የልጁ ጠቅላላ ደም ግን ከ800 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ስለዚህ በፕላዝማ የጭንቅላት መድማትን ማዳን አይቻልም፣ ጊዜ መግዛት ብቻ ነው። ከፕላዝማ በብርድ የሚለየው ክሪዮፕሪሲፒቴት፣ ጁዲት ፑል የተባለችው የአሜሪካ ሊቅ በእ.ኤ.አ. 1964 ያገኘችው፣ በአንድ ከረጢት 80 ያህል ዩኒት ስላለው ሰባት ከረጢት ይበቃል፤ ሰባት ለጋሾች ለአንድ ሕፃን ማለት ነው፤ ነገር ግን ፋክተር ዘጠኝ የለበትምና ሄሞፊሊያ ቢ ላለበት ልጅ አይረዳም። በቀይ መስቀል ማኅበር ተመሥርቶ በኋላ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተላለፈው የደም ባንክ በስታዲየም አካባቢ፣ ከካዛንቺስ በእግር በሚደረስበት ስፍራ መኖሩ ለዚህ አገልግሎት ምቹ ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው የተጣራው ፋክተር ነው። በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ዱቄት፣ በሌላዋ ንጹሕ ውኃ አለ፤ ከማቀዝቀዣ ወጥተው የክፍሉ ሙቀት እስኪሰማቸው ይቈያሉ፤ ከዚያም በአንድ ማያያዣ ይገጣጠሙና ውኃው ወደ ዱቄቱ ይወርዳል፤ ነርሷ ብልቃጡን በመዳፏ መካከል በዝግታ ታሽከረክረዋለች እንጂ አትንጠውም፤ ሲጠራ በሲሪንጅ ትስበዋለች፤ የሕፃኑን እጅ አስራ፣ ቢራቢሮ በሚባለው ቀጭን መርፌ ከእጁ ጀርባ ደም ሥር ትፈልጋለች፤ በተገኘ ጊዜ በዝግታ ትገፋዋለች፤ መርፌው ሲወጣ እናቱ በጥጥ ለብዙ ደቂቃ ተጭና ትይዛለች። የዚህ ሁሉ ሥራ ጊዜ ቡና ተቈልቶ ከሚፈላበት ያነሰ ነው። መድኃኒቱ ወደ አገራችን የሚመጣው በአብዛኛው ከዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በሚገኝ ልገሳ ነው፤ ይህን ፌዴሬሽን በእ.ኤ.አ. 1963 የመሠረተው ካናዳዊው ፍራንክ ሽናቤል፣ ራሱ ከሕመሙ ጋር የተወለደ ሰው ነበር፤ የልደቱም ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 9፣ በየዓመቱ የዓለም የሄሞፊሊያ ቀን ሆኖ ይከበራል። ልገሳው የሚደርሰው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወዳለው የሄሞፊሊያ ሕክምና ነው፤ የኢትዮጵያ ሄሞፊሊያ ማኅበርም ቤተ ሰቦችን በመመዝገብና በማስተማር ያግዛል። ፋክተር ስምንት ግን በዐዋቂ ሰውነት በ12 ሰዓት፣ በሕፃን ከዚያም ባነሰ ጊዜ እኩሌታው ይጠፋልና፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም።

በእ.ኤ.አ. 2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤሚሲዙማብ ይህን ታሪክ በብዙ ሊለውጥ የመጣ መድኃኒት ነው፤ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ኢንሂቢተር ያለበትንም የሌለበትንም ልጅ ይጠብቃል። ዓመት ላልሞላቸው 55 ሕፃናት በተሰጠበት ጥናት ከእኩሌታው የሚበልጡት ሕክምና የሚያሻው መድማት አንድም ጊዜ ሳይደርስባቸው መቈየታቸው፣ በራስ ቅል ውስጥም የደማ አለመኖሩ፣ ለእኛ አገር ሕፃናት ከሁሉ የሚበልጥ ምሥራች ነው፤ ደም ሥር ፍለጋ የማያሻው፣ በጤና ጣቢያ ነርስ እጅ ሊሰጥ የሚችል ነውና። የራሱ ወሰን ግን አለው፤ ለሄሞፊሊያ ቢ አይሆንም፤ የጀመረን መድማት አያቆምም፤ በተለመደው የደም መርጋት ምርመራም ላይ ጤነኛ የሚመስል ሐሰተኛ ውጤት ያሳያል፤ ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ራሱን ተመቶ ሲመጣ የላቦራቶሪውን ወረቀት አይቶ «ደሙ ደኅና ነው» ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ዳርቻዎች ሄደዋል። ቤቱ አዲስ፣ ውኃውና መጸዳጃው ከቀድሞው የሚሻል ሊሆን ይችላል፤ ጽኑ ሄሞፊሊያ ላለበት ልጅ ግን ከካዛንቺስ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ የነበረው የጥቁር አንበሳ መንገድ አሁን የከተማዪቱን ደቡብ አቋርጦ የሚመጣ ረጅም መንገድ ሆኗል፤ ከዚህም በላይ በአንድ ግቢ አብራ ትኖር የነበረችው፣ ልጁ እንዳይታሽ የምታውቀውና እናቱ ሥራ ስትውል የምትጠብቀው ጎረቤት፣ የዕድሩም ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ስለዚህ መድኃኒቱ ልጁን ተከትሎ መሄድ አለበት። አድቬንቲስት ሚስዮናውያን በመሠረቱት፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልና ተነሺዎቹ በሰፈሩባቸው ወረዳዎች በሚያገለግሉት ሆስፒታሎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ሕፃን የመጀመሪያ መርፌ የሚበቃ ፋክተር ስምንትና ፋክተር ዘጠኝ ቢቀመጥ፣ የልጁ ስም፣ ክብደት፣ የሕመሙ ዐይነትና የሚያስፈልገው ዩኒት የተጻፈበት ካርድ ከእናቱ ቦርሳ ባይለይ፣ በካርዱም ላይ «ራሱን ከተመታ መጀመሪያ መድኃኒቱ ይሰጠው፤ ምስሉ በኋላ ይነሣ» የሚል ቃል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢታተም፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ አዲስ ሕንፃ ከሚጠይቀው እጅግ ያነሰ ነው። የሚቀረው የመጀመሪያውን ሌሊት መድኃኒት የሚረከበውን፣ ሲያልቅ የሚተካውን፣ ቀኑ ሳያልፍ ለሌላ ልጅ የሚያስተላልፈውን አንድ ሰው በየሆስፒታሉ በስም መመደብ ነው።